የጠፋው 7 ሊትር፦ አሮጌዋን ኤም35ኤ2 ቆጣቢና ለመንዳት የምትመች ማድረግ

ጥያቄ፦ «የ1971 ሥሪት ኤም35ኤ2 የጦር የጭነት መኪና አለችኝ። ሞተሯ ያ ባለ ብዙ ነዳጁ፣ ናፍጣም ቤንዚንም የሚያቃጥለው ነው። ሜዳ ላይ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ እነዳታለሁ፤ ከዚያ በላይ እምብዛም አትገፋም። ትንሽ ዳገት ስታይ 60 ትወርዳለች። ባዶዋን በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ናፍጣ ትጠጣለች። መሪዋ ክንድ ይገነጥላል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ግራ ቀኝ ትላለች። ጩኸቷማ አይጣል ነው። አንዱ የናፍጣ ፖምፓዋን ብሎን አዙረህ ነዳጅ ጨምርላት ይለኛል። ሌላው 5.9 ሊትሩን የካሚንስ ሞተር ከነአውቶማቲክ ካምቢዮ ግጠምላት ይለኛል። ማንን ልስማ?»

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም ያቆዩአቸው። በእነዚህ መኪናዎች ሥር ተጋድሜ ብዙ ዓመት አሳልፌያለሁ፤ እወዳቸዋለሁም። ብዙ ባለቤቶች ጉልበት ለመጨመር ሲሮጡ አይቻለሁ። ያለው ጉልበት የት እየፈሰሰ እንደሆነ የጠየቁት ግን ጥቂት ናቸው። ከነገሩኝ ምልክቶች ግማሹ የሞተር ችግር አይመስለኝም።

መጀመሪያ የመኪናዋን ልክ እንወቅ። ሞተሯ 7.8 ሊትር ነው። ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ የቆሙ ናቸው፣ ቱርቦም አለው። በደቂቃ በ2600 ዙር ከ130 እስከ 140 ፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል። መኪናዋ ባዶዋን ወደ 6 ቶን ትመዝናለች። በመጀመሪያዎቹ 9.00-20 ጎማዎች፣ 5ኛ ማርሽ ላይ፣ 2600 ዙር ሲሞላ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። እዚያ ላይ አለቀ። ስለዚህ 80 ላይ መሄድዎ ውድቀት አይደለም። ጤነኛዋም ከዚያ ብዙ አትርቅም።

አሁን ትንሽ ስሌት እንሥራ። ሸራዋን የለበሰች ኤም35 ለአየር እንደ ቁም ሳጥን ናት። የፊት ገጿን ስፋት 6 ካሬ ሜትር፣ የአየር መጎተቻ ቁጥሯን 0.9 ብለን እንያዝ። በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አየሩ ብቻውን በ2000 ኒውተን ወደ ኋላ ይገፋታል። አሮጌዎቹ ጎማዎች ደግሞ በመንከባለላቸው ብቻ ወደ 900 ኒውተን ይይዟታል። ሁለቱን ለማሸነፍ ጎማው ላይ 97 ፈረስ ያህል መድረስ አለበት። ካምቢዮው፣ ትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ አክስሎች የሚያካፍለው) እና ዲፈረንሻሎቹ 15 ከመቶ ይበላሉ ካልን ሞተሩ 115 ፈረስ መስጠት ይጠበቅበታል። ሜዳ ላይ፣ ባዶዋን! ለዳገት የሚተርፈው እፍኝ ነው።

ወደ 75 ዝቅ ሲሉ ነገሩ ይለወጣል። የአየር ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፤ በካሬው ነው። በ75 ሞተሩ የሚጠየቀው 75 ፈረስ ገደማ ብቻ ይሆናል። ወደ ናፍጣ ሲመነዘር፣ በእኔ ስሌት 90 ላይ 27 ሊትር፣ 75 ላይ 21 ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ግምት ነው፤ ግን እጄ ላይ ካለፉት ጤነኛ መኪናዎች ብዙ አይርቅም። ያ ሁሉ ልዩነት የሚመጣው 100 ኪሎ ሜትሩን 13 ደቂቃ ዘግይቶ በመጨረስ ነው። አንድም ብሎን ሳይፈቱ ማለት ነው።

እርስዎ የሚነዱት 80 ላይ ነው። በዚሁ ስሌት 23 ሊትር አካባቢ መጠጣት ነበረባት። 30 ብለውኛል። 7 ሊትር ጠፋ። የእኛ ሥራ ይህን 7 ሊትር ፈልጎ ማግኘት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ናፍጣውን የሚበላው ነገር ዳገት ላይ የሚያቆማትና መሪዋን የሚያከብደው ራሱ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ቁጥሩ እውነት መሆኑን ያረጋግጡ። ታንከሩን አፉ ድረስ ይሙሉ። ርቀቱን በስልክዎ ጂፒኤስ ይለኩ። የዳሽቦርዱን ቆጣሪ አይመኑት፤ ጎማ ከተቀየረ ይዋሻል። ቢያንስ 200 ኪሎ ሜትር ይንዱና እዚያው ማደያ፣ መኪናዋ በዚያው ቦታ ቆማ፣ ደግመው ይሙሉ። የተጨመረው ሊትር እውነተኛው ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪዬ ፍሬን ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ሰው መኪናውን አመጣልኝ። «ሞተሩ ደከመ፣ ኮምፕሬሽን ወርዷል» አለኝ። ከዚያ በፊት ኢንጀክተሮቹን አስጠግኗል፣ ፊልትሮ ሁሉ ቀይሯል። ምንም ለውጥ የለም። ይዤያት ወጣሁ። 15 ኪሎ ሜትር ያህል ፍሬን እምብዛም ሳልነካ ነዳሁ። ዳር ያዝኩና ማርሹን ነፃ አድርጌ በራሷ እንድትቆም ተውኳት። ወረድኩና በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ስድስቱንም ሃብ (የጎማውን እምብርት) አንድ በአንድ ለካሁ። አምስቱ ከ40 እስከ 55 ዲግሪ ናቸው። የመሃለኛው አክስል የግራ ሃብ 140። አጠገቡ ስቀርብ የሚለበለብ የፍሬን ሸራ ይሸታል። ይህ ሰው ለወራት አንድ ፍሬን ይዞ ነበር የሚነዳው።

የዚያ ቀን ጥፋተኛ ወደ አክስሉ የሚወርደው የጎማ ቱቦ አካባቢ ይሆናል ብዬ ነበር። አሮጌ ቱቦ ውስጡ ያብጣል። በግፊት ፈሳሹን ያስገባል፣ ሲለቁት ግን አያስመልስም። ቱቦው ደህና ሆነ። ታምቡሩን ስናወርድ የፍሬን ሸራው መመለሻ ሞላ ደክሟል፣ ማስተካከያውም ከልክ በላይ ጠብቋል። የዚህች መኪና ፍሬን ራሱን አያስተካክልም። በእጅ ነው የሚስተካከለው። አንዱ መካኒክ ፔዳሉ ከፍ እንዲል ብሎ ይጠብቀዋል፣ ሌላው መጥቶ ደግሞ ይጠብቀዋል። ሲሞቅ ይይዛል። ሞላውን ቀይረን ማስተካከያውን ስንፈታ የሰውየው «የደከመ ሞተር» በዚያው ሳምንት ዳነ።

ስለዚህ የስድስቱን ሃብ ሙቀት ይለኩ። ሁሉም እኩል ቢሞቁ ደግሞ ፔዳሉን ያስቡ። ፔዳሉ ዋናውን የፍሬን ፖምፓ መግፋት ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ባዶ እርምጃ ሊኖረው ይገባል። ከሌለው የመመለሻዋ ቀዳዳ አትከፈትም፤ ፈሳሹ መስመሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ ስድስቱም ጎማ ይያዛል። በተጨማሪ የእጅ ፍሬኑን ይመልከቱ። እሱ ጎማ ላይ አይደለም፤ ከትራንስፈሩ ኋላ ያለውን ዘንግ ነው የሚይዘው። ግማሽ ተለቅቆ ከቀረ ዘንጉ ላይ ይጋልባል።

እዚያው እያሉ አንድ ከናፍጣ የሚበልጥ ነገር ልንገርዎ። የዚህች መኪና ፍሬን በአየር የሚታገዝ የፈሳሽ ፍሬን ነው፤ መስመሩ ግን አንድ ብቻ ነው። አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ወይም አንድ የጎማ ሲሊንደር ቢያፈስ ስድስቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። እባክዎን ከመሪም፣ ከጎማም፣ ከሞተርም በፊት ቱቦዎቹን በሙሉ ይቀይሩ። አቅም ካለዎት ባለ ሁለት መስመር ዋና ፖምፓ ያስገጥሙ። የፈሳሹንም ዓይነት ይጠይቁ። የአሜሪካ ጦር በ1980ዎቹ ወደ ሲሊኮን ፈሳሽ፣ ወደ ዶት 5 ተሸጋግሯል። ከዶት 3 ወይም ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ምን እንዳለባት ካላወቁ ሁሉንም አጥበው አንዱን ይምረጡ።

አሁን ወደ ጎማ። እዚህ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ምክንያቱም መኪናዋን ከሁሉ በላይ የሚለውጣት ጎማ ነው።

ከፋብሪካ የወጣችበት 9.00-20 ጎማ ክሩ የተመሳቀለ የድሮ ዓይነት ነው። ለጭቃ ጠንካራ ነው። አስፋልት ላይ ግን ይከብዳል፣ ይጮኻል፣ ስንጥቅና ቦይ ባየ ቁጥር ወደዚያ ይሄዳል። ግራ ቀኝ ትላለች ካሉኝ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የዚህ ጎማ ነው። ሌሊቱን ቆማ ስታድር ደግሞ መሬቱን የነካው ክፍል ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ለዚያ ነው።

ራዲያል ጎማ (ክሩ ከጠርዝ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የተዘረጋው) ሲገጠም ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሻሻላል። የመንከባለል ክብደቱ በአንድ ሦስተኛ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ከላይ ባደረግነው ስሌት 75 ላይ ይህ ብቻውን ከ2 እስከ 3 ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር ያወጣል። ሁለተኛው ቀጥ ብሎ መሄዱ ነው። መሪው ላይ ሁለት እጅ ተክሎ መታገል ይቀራል። አንድ ሰው ራዲያል አስገጥሞ በመጀመሪያው ቀን «መኪና ለወጥኩ እንዴ?» ብሎኛል። እውነቱን ነው።

ልኩስ? 11.00ር20 («ር» ራዲያል ማለት ነው) ከፋብሪካው ጎማ በ6 ከመቶ ያህል ይበልጣል። 75 ኪሎ ሜትር ላይ ከ2150 ዙር አካባቢ ወደ 2000 ገደማ ያወርዳታል። ለዚህ ሞተር ይህ ጥሩ ቦታ ነው። 395/85ር20 ደግሞ ይበልጥ ትልቅ ነው። ከኋላ ጥንድ ጥንዱን ትተው በአንድ አንድ ጎማ መሄድ ይችላሉ፤ 10 ጎማ ወደ 6 ይወርዳል። ዙሩ ወደ 1900 አካባቢ ይወርዳል። ሰፊ ቸርኬ ግን ይፈልጋል። ዳገት ላይም ቶሎ 4ኛ ማርሽ ያስገባዎታል። 14.00ር20 የሚባለውን ትልቁን ብዙዎች ለመልኩ ብለው ይገጥሙታል። እኔ በዚህ ሞተር አልመክረውም። 5ኛ ማርሽን ጌጥ ያደርገዋል፤ ፍሬኑንም ያደክመዋል። የእርስዎ ዳገት 60 የሚያወርድዎ ከሆነ 11.00ር20 ይበቃዎታል።

ጎማ መቀየር ባይችሉም የኋላውን ጥንድ ይፈትሹ። ሁለቱ ጎማዎች አንድ ሃብ ላይ ስለታሰሩ እኩል ይዞራሉ። አንዱ ከሌላው ካነሰ፣ ወይም አየሩ ከወረደ፣ ትንሹ መንገድ ሙሉ ይጎተታል። የውስጠኛውን ጎማ ማንም አያየውም። በመዶሻ መታ መታ አድርጎ «ደህና ነው» ማለት መለካት አይደለም። መለኪያ ይዘው ይግቡና አሥሩንም ይለኩ። የቫልቭ ማራዘሚያ ካስገጠሙ ደግሞ ሥራው ሰበብ አይኖረውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የፋብሪካው ቸርኬ ጎማውን የሚይዘው በሚቆለፍ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ቦታው ላይ በደንብ ሳይቀመጥ አየር ከተሞላ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ሲሞሉ የብረት ሳጥን ውስጥ አስገብተው፣ ረጅም ቱቦ ይዘው፣ ከፊት ለፊቱ ዞር ብለው ይሙሉ። ዝቅ ብሎ የተነዳ ጎማን ሳይፈቱ ደግመው አይንፉ። የማያውቅ ጎማ ቤት ከሆነ አይስጡት።

ከጎማ ቀጥሎ ሜትር ይያዙ። ከመሃለኛው ሃብ መካከል እስከ ኋለኛው ሃብ መካከል በግራ ይለኩ፤ በቀኝም ይለኩ። ከፊት ሃብ እስከ መሃለኛውም እንዲሁ። ግራና ቀኝ ካልተመሳሰለ አንዱ አክስል ወደ ጎን ዞሯል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የኋላ አክስሎቹን የሚይዙት ዘንጎች ጫፍ ላይ ያለው ላስቲክ ተበልቶ ነው። አራት የኋላ ጎማ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሌላ አራት ወደ ሌላ ሲሄዱ ያስቡት። ጎማ ይበላል፣ ናፍጣ ይበላል፣ እርስዎንም መሪ ላይ ያታግላል። የፊት ጎማዎቹንም አሰላለፍ በማኑዋሉ ልክ ያሠሩ።

መሪው ክንድ የሚገነጥለው ለምን እንደሆነ በግማሽ ሰዓት ማወቅ ይቻላል። ፊቷን በክሪክ አንሡና በማቆሚያ ላይ ያሳርፏት። ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ይንቀሉ። አሁን ጎማውን በእጅዎ ያዙሩ። ከከበደ ኪንግ ፒኑ (ጎማው ግራ ቀኝ ሲታጠፍ የሚዞርበት ፒን) ደርቋል ወይም ኩሽኔታው ሄዷል። ጎማው ቀሎ መሪው ራሱ ከከበደ ችግሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ዘይቱ አልቋል ወይም ከልክ በላይ ጠብቋል። ብዙ ጊዜ ግን የሚያገኙት ለዓመታት ግራሶ ያላየ ነጥብ ነው። የግራሶ ጠመንጃ ይዘው ሁሉንም ነጥብ ይሙሉ፤ አሮጌው ጥቁር ግራሶ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ። ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው የኃይል መሪ የሚታሰበው። ደካማ አንጓ ላይ የኃይል መሪ ከገጠሙ ብልሽቱን ይደብቅልዎታል እንጂ አያድነውም። ጤነኛ አንጓ ላይ ከገጠሙት ግን ለመንዳት ምቾት ከሚደረጉት ሁሉ ትልቁ ነው። በተለይ ሰፊ ጎማ ካሰቡ።

አሁን ሞተሩን እንክፈት።

ይህ ሞተር የሚቃጠልበት መንገድ ልዩ ነው። ሐሳቡ የመጣው «ማን» (MAN) ከሚባለው የጀርመን ኩባንያ ነው። ፒስተኑ አናት ላይ ክብ ጎድጓዳ አለ። ናፍጣው አየሩ ውስጥ ከመበተን ይልቅ አብዛኛው በዚያ ጎድጓዳ ግድግዳ ላይ እንደ ስስ ልባስ ይረጫል። ከብረቱ ሙቀት እየተነነ በዝግታ ይቃጠላል። ለዚህ ነው የተለያየ ነዳጅ የሚችለው። ለዚህም ነው ሲቀዘቅዝ የሚያስቸግረው። ግድግዳው ካልሞቀ ናፍጣው በወጉ አይተንም። ነጭ ጭስ፣ የሚቆጠቁጥ ሽታ፣ የባከነ ነዳጅ ይሆናል።

ስለዚህ ቴርሞስታቱን ይፈትሹ። ብዙ ሰው «እንዳትሞቅብኝ» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። ከዚያ ሞተሩ ዕድሜውን ሙሉ ለብ ብሎ ይሠራል። ሙቀቱ 80 ዲግሪ አካባቢ ገብቶ እዚያው መቆም አለበት። ረጅም ሜዳ ላይ መርፌው 60 ላይ ከተኛ ከጠፋው 7 ሊትር ጥቂቱ እዚያ አለ።

ቀጥሎ ናፍጣ የሚሄድበት መንገድ። ታንከሩ ውስጥ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ፖምፓ አለች። ስትሞት ሞተሩ ሊነሣ ይችላል፤ ዳገት ላይ ግን ይራባል። ቁልፉን ሲከፍቱ ጆሮዎን ታንከሩ ላይ ጣል ያድርጉ፤ ዝም ካለች አግኝተዋታል። ፊልትሮዎቹን ሁሉንም ባንድ ላይ ይቀይሩ። የአየር ፊልትሮዋንም አይርሱ። ከዚያ ኢንጀክተሮቹ ተፈትተው ግፊታቸውና አረጫጨታቸው ይለካ፤ የፖምፓው ጊዜ አጠባበቅና የቫልቭ ክፍተትም ይታይ። ይህን ሁሉ አንድ ጥሩ የናፍጣ መካኒክ ያውቀዋል፤ አላራዝመውም።

ፖምፓው ላይ የነዳጁን ውፍረት እያየ መጠኑን የሚያስተካክል አንድ ዕቃ አለ። ሠራዊቱ ዛሬ ናፍጣ፣ ነገ የጄት ነዳጅ፣ ሲቸግር ቤንዚን ስለሚሞላ የተሠራ ነው። እርስዎ ናፍጣ ብቻ የሚሞሉ ከሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ሲያረጅ ግን ያፈስሳል፣ ነዳጁንም ያዛባል። የሚያፈስስ ከሆነ ነዳጁ በጎን የሚያልፍበት መንገድ ሠርቶ ማስቀረት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የፖምፓው መጠን ደግሞ መለካት አለበት። ደረቅ ከሆነ አይንኩት።

«ሁሉን ታቃጥላለች» ብለው የተቃጠለ ዘይት የሚሞሉ አሉ። አይሙሉ። ብናኙና ውኃው ፖምፓውንና ኢንጀክተሩን ይበላል። ቤንዚንም ፖምፓውን አያለሰልስም፤ ሊትር ለሊትር ያለው ጉልበትም ከናፍጣ በአሥር ከመቶ ገደማ ያንሳል። ቆጣቢነት ከፈለጉ ንጹሕ ናፍጣ ነው።

ስለ ብሎኑ ደግሞ። መካሪዎ የነገረዎት ብሎን የሚወስነው እግርዎን እስከ መጨረሻው ሲረግጡ የሚገባውን ከፍተኛ ነዳጅ ነው። በግማሽ እግር ሜዳ ላይ ሲሄዱ ፍጆታውን አይነካም። ስለዚህ «አዙሬው ቆጠበልኝ» የሚል ካለ ሌላ ነገር አብሮ አስተካክሏል። ዳገት ላይ ጉልበት ይጨምራል፤ ያ እውነት ነው። ቱርቦው ግን በዚህ ሞተር ላይ የተጨመረው በዋናነት ጭሱን ለማጥራት ነው፤ ለትልቅ ጉልበት አይደለም። አየሩ ከሚችለው በላይ ነዳጅ ከገባ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱም ይንራል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን በዚህ ሞተር ላይ ስስ ጎን ነው፤ የመጀመሪያው ሟች እሱ ነው። የግድ ማዞር ካለብዎ ከቱርቦው በፊት የጭስ ሙቀት መለኪያ ያስገጥሙ። ረጅም ዳገት ላይ ከ650 ዲግሪ በላይ እንዳይቆይ። መለኪያ ሳይገጥሙ ብሎኑን የሚያዞርልዎትን ሰው እምቢ ይበሉት።

ትንንሾቹን ልጨምር። የፊት አክስሉ ባይያያዝም ዘንጉና ዲፈረንሻሉ አብረው ይዞራሉ። የሚከፈት ሃብ ከገጠሙ ያርፋሉ። የናፍጣ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ጩኸቱና ንዝረቱ ግን ይቀንሳል። ጭቃ ከመግባትዎ በፊት መቆለፍዎን ብቻ አይርሱ። ሸራውንና ቅስቶቹን በማይፈልጉበት ጊዜ ያውርዱ፤ ከላይ ያየነው 6 ካሬ ሜትር በአንዴ ይጠብባል። ሸራው የግድ ከሆነ ወጥሮ ማሰር ነው። የሚንፈራገጥ ሸራ አየር ይጎትታል።

ለጩኸቱ መጀመሪያ ከሞተሩ ወደ ጋቢናው የሚያስገቡትን ቀዳዳዎች ሁሉ ይድፈኑ። ፔዳል የሚያልፍበት፣ ሽቦ የሚያልፍበት፣ የማርሽ ዱላው ሥር። ድምፅ እንደ ውኃ ነው፤ ቀዳዳ ካገኘ ይገባል። ከዚያ ወለሉ ላይ ከባድ የጎማ ምንጣፍ ያንጥፉ። ጭስ መውጫው ላይ ሰፊ ማርሚታ ይግጠሙ፤ ጠባብ ከሆነ ቱርቦውን ያንቃል። ጆሮ መድፈኛም ይልበሱ። ሁለት ሰዓት ጩኸት ውስጥ የነዳ ሰው ይደክማል፤ የደከመ ሰው ዘግይቶ ነው ፍሬን የሚይዘው። ከፋብሪካ ቀበቶ የላትምና የወገብ ቀበቶም ያስገጥሙ።

አነዳዱ ላይ አንድ ሁለት ነገር። ሞተሩ 2600 እስኪሞላ አይጠብቁ፤ ሜዳ ላይ 2200 አካባቢ ሲደርሱ ማርሽ ይጨምሩ። ዳገቱ ሲታይ፣ ሳይጀምር፣ ዙሩ ከ1800 ሳይወርድ 4ኛ ያስገቡ። ዘግይተው ከቀነሱ ፍጥነቱን መልሶ ለመገንባት ናፍጣ ይከፍላሉ። ፍሪሲዮኑን ሁለቴ እየረገጡ ማርሽ መቀየር ይልመዱ፤ ካምቢዮው ያመሰግንዎታል። ቆማ ሳለች ሞተሯን ለረጅም ጊዜ አያሠሩ፤ ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ጥቀርሻ ይሰበስባል። ከከባድ ዳገት በኋላ ግን ከመዝጋትዎ በፊት 3 ደቂቃ ያህል ይተውአት፤ ቱርቦው ይቀዝቅዝ።

በመጨረሻ የሁለተኛው መካሪዎ ካሚንስ። መጥፎ ሐሳብ አይደለም። 5.9 ሊትሩ ጥሩ ሞተር ነው፤ መለዋወጫም ይገኝለታል። ግን ጥያቄው «ሞተር ብቻ ነው ወይ የሚቀየረው?» ነው። አይደለም። ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ቤት፣ የሞተር ማቆሚያዎቹ፣ ራዲያተሩ፣ ከ24 ቮልቱ መስመር ጋር ማስማማቱ አለ። ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ የአየር ኮምፕሬሰሩ ነው። ፍሬንዎን የሚያግዘው አየር የሚመጣው ከሞተሩ ጋር ከሚዞር ኮምፕሬሰር ነው። አዲሱ ሞተር ላይ ቦታ ካልተሰጠው መኪናዋ ትሮጣለች እንጂ በቀላሉ አትቆምም። በመጀመሪያዎቹ ፒክአፖች ላይ የወጣው ይህ ሞተር 160 ፈረስ ነበር። ከእርስዎ ከ20 እስከ 30 ፈረስ ቢበልጥ ነው። አንድ የያዘ ፍሬን፣ አሥር የደከመ ጎማና አንድ የዞረ አክስል ያንን ትርፍ ቁርስ ያደርጉታል።

የአሜሪካ ጦር ራሱ እነዚህን መኪናዎች በ1990ዎቹ ሲያድስ ኤም35ኤ3 ብሎ ካተርፒለር ሞተርና አሊሰን አውቶማቲክ ካምቢዮ ገጠመላቸው። ሞተሩ ላይ ግን አልቆመም። ሰፋፊ ነጠላ ጎማና የኃይል መሪም አብሮ ሰጣቸው። መኪና የሚታደሰው እንዲህ ነው። አውቶማቲክ ለከተማ ያሳርፋል፤ ጉልበትዎም ጊዜዎም ካለ እሰየው። ናፍጣ ለመቆጠብ ብለው ግን አያስገጥሙት። ሞተርዎ ዘይት የሚያቃጥል፣ ኮምፕሬሽኑ የወረደ ከሆነ ያን ጊዜ ስለ ካሚንሱ እንነጋገር። ጤነኛ ከሆነ ሥራው ሌላ ቦታ ነው።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ለሙቀት ልኬቱና ለሜትሩ ይስጡት። ከዚያ መልሰው ይጻፉልኝ። የስድስቱን ሃብ ሙቀት አንድ በአንድ፣ የአሥሩን ጎማ አየር፣ በግራና በቀኝ ያለውን የአክስል ርቀት፣ ሜዳ ላይ ሞተሩ የቆመበትን ሙቀት፣ የጭሱንም ቀለም። እነዚህን ይዤ 7ቱ ሊትር የት እንዳሉ ልነግርዎ እችላለሁ ብዬ አምናለሁ።